አርባ ክንድ ገመድ

እስቲ ወዲህ ጠጋ በሉ፤ ከፀሐዩ ራቅ ብላችሁ ከግድግዳው ጥላ ሥር እግራችሁን ዘርጉ። ልጅ ልታስገቡም መጣችሁ ልጅ ልታስወጡ፣ ጉዳያችሁ አያመልጣችሁም፤ መዝገቡም ቁልፉም እኔ ዘንድ ነው። እኔ ሰንበታ የምባል የዚህ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ድምፄ እንዲህ የሻከረው ጉንፋን ይዞኝ አይደለም። ሰባት ዓመት ሙሉ ከዚህ ቆርቆሮ ሥር የአዳማን ነፋስ ልበልጠው ስጮህ ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ ስሙኝ።

ትምህርቴ ብዙ አይደለም። በልጅነቴ ዳዊት ደግሜአለሁ። ካደግሁ በኋላ ድሬዳዋ ወርጄ በምድር ባቡር መጋዘን ዕቃ ስመዝን ከአንድ የግሪክ ሰው መደመርና መቀነስን፣ ማባዛትና ማካፈልን፣ ጥቂትም ስለ ክፍልፋይ ተማርሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሒሳብ አላውቀውም፤ አውቃለሁም ብዬ አላውቅም። ያ ሰው ሥራውን ትቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ይህችን አሁን ከበሩ በላይ ተሰቅላ የምታዩአትን የሜትር እንጨት ሰጠኝ። እንጨቷ ቀይ ናት፣ ጫፍና ጫፏ በነሐስ የታሰረ ነው። የምነግራችሁም ነገር ያለ እሷ አይነገርም።

ነጋዴዎቹ አዋጥተው ይህን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ አርባ ሦስት ልጆች ተቀብዬ ነበር። የወሎ ነጋዴ ልጅ፣ የአርሲ ልጅ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ከወለንጪቲና ከዙሪያው የመጣ የገበሬ ልጅ፣ ሁሉም አንድ አግዳሚ ላይ። እኔም ቁጥርን ያስተማርኋቸው ዳዊትን በተማርሁበት መንገድ ነው። «ሁለት ጊዜ ሁለት» እላለሁ፤ «አራት» ይላሉ። ጧት ይጮሃሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይጮሃሉ። የሳተ ልጅ መዳፉን ይዘረጋል፤ ይህች ቀይ እንጨት ትወርድበታለች። ልጆቹ ስም አውጥተውላት ነበር፤ «እሜቴ» ይሏታል። በሩ ላይ ስደርስ «እሜቴ መጣች!» ሲሉ እሰማና እስቃለሁ። ፈሩኝ፣ ስለዚህም ተማሩ እል ነበር።

ልጆቹ ግን ያልቁ ጀመር። አንዱ ከባቡር ጭነት ሊያወርድ ይሄዳል፣ አንዱ አባቱ ሱቅ ይገባል፣ አንዱ ዝም ብሎ ይቀራል። ልጅ በቀነሰ ቁጥር እኔ ድምፄን እጨምር ነበር። በአራተኛው ዓመት አሥራ ዘጠኝ ቀሩ። ማታ ማታ ጠመኔውን ከእጄ ሳጥብ ጠመኔው ይለቃል፤ ድካሙ ግን ከአጥንቴ አልወጣ አለኝ።

ከነዚያ አሥራ ዘጠኝ አንዱ ሆራ ነው። ሆራ የወለንጪቲው የወዬሳ ልጅ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። እዚህ አዳማ አክስቱ ቤት እያደረ ይማራል። ከሕፃናቱ ጋር ሲቀመጥ ጉልበቱ ከጠረጴዛው በላይ ይወጣል፤ ትንንሾቹ «ግመሉ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱ ግን አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። እኔም በልቤ፣ ሆራ እስካለ ድረስ እኔም አለሁ እል ነበር።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር፣ አንድ ሰኞ የሆራ ቦታ ባዶ ሆነ። ማክሰኞም ባዶ ነው። ረቡዕ ጧት ልብሴን ጠቀለልሁ፤ እሜቴን በጥቅሉ መካከል አሳልፌ አሰርሁ፤ ድሬዳዋ ወደ ጥንቱ ሥራዬ ልመለስ ብዬ ወደ ባቡር ጣቢያ ወረድሁ። መጋዘን ውስጥ ያለ ጆንያ አይረሳም፣ አይቀርም፣ አባቱም መጥቶ አይወስደውም።

ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ገና ነበር። የጣቢያው ዘበኛ «ሞጆ ላይ ውሃ እየሞላ ነው፤ ተቀመጡ» አለን። ጥላ ፍለጋ ወደ ግራሩ ዘወር ስል፣ በተጠቀለለ አዲስ የቃጫ ገመድ ላይ የሆራ አባት ወዬሳ ተቀምጠው አየኋቸው። አጠገባቸው ሆራ ቆሟል። ሲያየኝ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

«አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደሩ ኦቦ ወዬሳ» አልሁ።

«ነጋ፣ የኔታ፣ ሰላም ነው። ከብቱ ነው እንጂ እኛስ ደኅና ነን» አሉና ጥቅሌን አዩ። «እርስዎም መንገደኛ ነዎት?»

«ድሬዳዋ ልወርድ ነው። እናንተስ?»

«ወለንጪቲ። ይህን ልጅ ወደ ከብቱ ልመልሰው ነው። ከዛሬ ወዲያ ትምህርት የለም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም፤ እፎይታ ነው። ሆራም ከሄደ እንግዲህ ማንም «ለምን ሄድህ?» ሊለኝ አይችልም አልሁ። ሐዘኑ የመጣው ቆየት ብሎ፣ የልጁን ፊት ደግሜ ሳይ ነው።

«ምን አጥፍቶ ነው፣ ኦቦ ወዬሳ?»

«እሱ ምንም አላጠፋ። ጥፋቱ የዚያ የአጭሩ ሰውዬ ነው!» አሉና ከሐዲዱ ማዶ ያለውን የአብዱልመናንን ሱቅ በበትራቸው ጠቆሙ። «ከመስከረም ጀምሮ ጉድጓድ ስንቆፍር ከረምን። እዚያ አገር ውሃ ሩቅ ነው፤ ያውቃሉ። በጥር አገኘነው። እኔ ራሴ ልጥ ጥዬ ለካሁት፤ በዚህ ክንዴ ለካሁት፤ ከነማሰሪያው አርባ ክንድ። ሆራን 'ሂድ፣ አብዱልመናንን አርባ ክንድ የቃጫ ገመድ በለው' አልኩት። እሑድ ዕለት ገመዱን ይዞልን መጣ። ባልዲ አስረን ለቀቅነው።»

የተቀመጡበትን ገመድ በበትራቸው መቱት።

«ታዲያስ?»

«አልደረሰም፣ የኔታ! ውሃው ከታች ይታያል፣ ባልዲው ከላይ ተንጠልጥሏል። የሁለት ሰው ቁመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ላሞቹ የጉድጓዱን አፍ ከበው ቆመው ሽታውን ያሸታሉ፤ አይሄዱም፣ አይጠጡም። እንግዲህ አዋሽ ድረስ መንዳት ነው፤ መሄጃ አንድ ቀን፣ መመለሻ አንድ ቀን። እኔ ጉልበቴ አለቀ። ማን ይንዳ? ገመዱንም ይዤ ዛሬ ጧት ያን ሰውዬ 'ሌባ' ብዬው፣ ፊቱ ላይ ልወረውርለት ስል ሰው ያዘኝ።»

«አርባ ክንድ ነው፣ አባ» አለ ሆራ ቀስ ብሎ። «ሲለካ አጠገቡ ቆሜ በአፌ ቆጥሬአለሁ። አንድም አልጎደለ።»

«ይኸውልዎ!» አሉ ወዬሳ እጃቸውን ዘርግተው። «ሁለት ዓመት ቁጥር የተማረ ልጅ ፊቱ ቆሞ እያየ ይሰረቃል፣ አልጎደለም ይለኛል! የኔታ፣ አይቆጡኝ፤ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባለፈው ክረምት ቤት መጥቶ ሳለ ከጥጆቹ ፊት ቆሞ 'ሰባት ጊዜ ሰባት አርባ ዘጠኝ' እያለ ሲጮህ ሰማሁት። 'ይህ ለምን ይሆናል፣ ልጄ?' አልኩት። ምን አለኝ መሰልዎ? 'እሜቴ እንዳትመታኝ ነው' አለኝ። እኔ ደግሞ ሴት አስተማሪ አለቻቸው እንዴ ብዬ ነበር!»

አጠገባችን የተቀመጡት መንገደኞች ሳቁ። እኔ ፊቴ ነደደ። ከዚያ የግሪክ ሰው ጋር ስንት ዓመት ቁጭ ብዬ የተማርሁት፣ ልጁ ዘንድ ሲደርስ የዱላ መከላከያ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

«ኦቦ ወዬሳ፣» አልሁ ነገሩን ወደ ሌላ ላዞር፣ «እርስዎ ያዘዙት አርባ ክንድ የማን ክንድ ነው?»

«የሰው ክንድ ነዋ! የዝንጀሮ ይሆናል?»

«የእርስዎ ነው የአብዱልመናን?»

«ክንድ ክንድ ነው፣ የኔታ። አባቴም በዚሁ ለካ፣ አያቴም በዚሁ ለካ። ክንድ አይጠፋም፣ አይሰረቅም፣ ቤት ረስቼው መጣሁ አይባልም።»

«ሸማ ሲገዙ ማንን ያስለካሉ?»

ወዬሳ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። «ሆራን ነዋ። እንዲህ የረዘመው ለምን ይመስልዎታል?»

«ሲሸጡስ?»

«ስንሸጥማ የሚስቴ አጎት አለ፤ ክንዱ አጠር ያለ ሰውዬ ነው…» አሉና አቋረጡ፤ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እሱ ጨዋታ ነው፣ የኔታ። ሻጩም ያውቃል፣ ገዥውም ያውቃል።»

«እናንተ ታውቃላችሁ። ጉድጓዱ ግን ጨዋታውን አያውቅም። ባልዲው ካልደረሰ አልደረሰም።»

ወዬሳ በበትራቸው አሸዋውን ቧጠጥ ቧጠጥ አደረጉ። እኔም ነገሩን በዓይናቸው ላሳያቸው ብዬ ጥቅሌን ፈታሁና ያችን ቀይ እንጨት መዘዝሁ።

ያን ጊዜ ሆራ ሁለት እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

አስቦ አይደለም፤ እጁ ራሱ ሄደበት። ከአባቱ በራስ የሚበልጥ፣ ጺም ያቀመቀመ ጎልማሳ፣ በሰው ፊት እጁን እንደ ሕፃን ከጀርባው ሸሸገ። ወዬሳ እጁን አዩ፤ እንጨቷን አዩ፤ እኔን አዩ።

«ይቺ ናት እሜቴ?» አሉ።

«እሷ ናት» አልሁ።

እንጨቷንም አግድም ይዤ ወደ ሆራ ዘረጋሁ። «ያዛት» አልሁት። አልያዘም። «ለመምታት አይደለም፣ ልጄ። መስመሮቹን ቁጠራቸው።»

ፈራ ተባ እያለ ተቀበለኝ። በጣቱ ጥፍር እየዳሰሰ ቆጠረ። ሲጨርስ ቀና አለ።

«የኔታ፣ መቶ መስመር አላት! ሁለት ዓመት ሙሉ አላየኋቸውም እኮ።»

«እንዴትስ ታያቸዋለህ? ስታርፍብህ ዓይንህን ጨፍነህ» አሉ አባቱ። በዚህ የሳቀ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ የተናገርሁት ለወዬሳ ብቻ አልነበረም፤ ለራሴም ነበር። እንዲህ አልኋቸው፤ «ኦቦ ወዬሳ፣ ይህች ሜትር ትባላለች፤ በመቶ ተከፍላለች። ሰው ይረዝማል፣ ሰው ያጥራል፤ ሰው ያረጃልም፣ ክንዱን መዘርጋት ይከብደዋል። ይህች ግን ለሀብታሙም ለድሃውም፣ ለገዥውም ለሻጩም አንድ ናት። እርስዎ ወለንጪቲ ሆነው 'ሃያ ሜትር' ቢሉ፣ አዳማ ያለው ሰው ፊትዎን ሳያይ ሃያ ሜትር ይቆርጥልዎታል።»

ወዬሳ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «መልካም። እንጨቷን ራሷን ማን ለካት? የለካት ሰው ክንዱ አጭር እንደ ሆነ ማን ያውቃል? ድሬዳዋ ያለችው እንጨትስ የዚህች ታናሽ እህት ብትሆን?»

ይህን ጥያቄ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ልጅ ጠይቆኝ አያውቅም። ጠይቆም ቢሆን ኖሮ መዳፍህን ዘርጋ ማለቴ አይቀርም ነበር። ምን እንደምመልስ ሳስብ ዓይኔ ሐዲዱ ላይ አረፈ።

«ሆራ፣» አልሁ፣ «ውረድና እንጨቷን በሁለቱ ብረት መካከል አጋድማት።»

ሆራ ዘሎ ወረደ። እንጨቷን ከብረት ወደ ብረት አጋደማት። ነሐሱ በዚህም በዚያም ብረቱን ነካ፤ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንኳ የለም። «ልክ ናት!» ብሎ ጮኸ። ዘበኛው ደግሞ ከወዲያ «አንተ ረጅሙ! ባቡር ሊቆርጥህ ነው? ውጣ!» ብሎ ጮኸበት።

«ያዩታል፣ ኦቦ ወዬሳ?» አልሁ። «ይህ ሐዲድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ድረስ እንዲሁ አንድ ሜትር ነው። ድሬዳዋ ላይ በአንዱ ሰው ክንድ፣ ወለንጪቲ ላይ በሌላው ሰው ክንድ ቢዘረጋ ኖሮ፣ እርስዎ ዛሬ የሚሳፈሩበት ባቡር ገና መንገድ ሳይጀምር ገደል ይገባ ነበር።»

ወዬሳ ሐዲዱን በስተ ምሥራቅ እስኪጠፋ ድረስ ተመለከቱት። ከዚያ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ኑ፤» አሉ፣ «የዚያን ሰውዬ ክንድ እንይ።»

አብዱልመናን ሱቁ በር ላይ ነበር። እሱ ከወሎ የመጣ፣ ደልደል ያለ፣ ቀልድ የሚወድ ነጋዴ ነው፤ ያን ቀን ግን ቀልዱ ጠፍቶበታል። ገና ሳንደርስ «ላ ኢላሃ ኢለላህ! ጧት ብቻዎን ሰደቡኝ፤ አሁን ምስክር ጨምረው መጡ?» አለ።

«ክንድህን አምጣ» አሉት ወዬሳ።

«ልትቆርጡት ነው?»

«ልንለካው ነው» አልሁ እኔ። «ሆራ፣ በል።»

ሆራ መጀመሪያ የአባቱን ክንድ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ በእንጨቷ ላይ አስተኛ፤ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር። ቀጥሎ የአብዱልመናንን አስተኛ። ሁለት ጊዜ ለካው፤ አርባ ሁለት።

«ጣትህን ትንሽ ዘርጋ እንጂ!» አሉ ወዬሳ።

«የተዘረጋው ይኸው ነው፣ ኦቦ ወዬሳ! እናቴ የሰጠችኝን ይዤ ነው የምኖረው» አለ አብዱልመናን።

«በአንድ ክንድ ስንት ጎደለ?» አልሁ ሆራን።

«ስምንት።»

«በአርባ ክንድስ?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ያ የለመድሁት ዜማ፣ «ስምንት ጊዜ አራት» ሲነሣ ሰማሁት፤ መሃል ላይ ግን ተቋረጠ። ሆራ ወደ ገመዱ ተመለከተ፤ ወደ አባቱ ክንድ ተመለከተ፤ ዓይኑ ውስጥ አንድ ነገር ሲበራ አየሁ። በጣቱ አቧራው ላይ ጻፈ። «ሦስት መቶ ሃያ። ሦስት ሜትር ከሃያ ሳንቲ ሜትር» አለ። ከዚያ ቆመና እንጨቷን በግድግዳው ርዝመት ሦስት ጊዜ አጋድሞ፣ ቀሪውን በመስመሮቹ ቆጥሮ ምልክት አድርጎ አሳየን። «አባ፣ ባልዲው ከውሃው የራቀው ይህን ያህል አይደለም?»

ወዬሳ ምልክቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩ። ቆብ የደፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህንኑ ያህል ነው። የሁለት ሰው ቁመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያልኩት ይኸው ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ሳትወርድ!» አሉ። ከዚያ ወደ አብዱልመናን ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲህ አንተ አልሰረቅህም። እኔም አልዋሸሁ። አፉ በለኝ።»

«አፉ ብያለሁ። እኔም ባልጠይቅዎ ነው እንጂ ክንዴን አውቀው የለም?» አለ አብዱልመናን። ገመድ ከጥቅሉ መዘዘና «ሦስት ሜትር ከሃያ አይደል?» ብሎ ቢላዋ አነሣ።

«ቆይ!» አለ ሆራ። «አሮጌውና አዲሱ ሲቀጠሉ ቋጠሮው ይበላዋል። ይጨመር።»

እኔ ይህን አላሰብሁትም ነበር። እኔ አስተማሪው ሦስት ሜትር ከሃያ ብዬ ረክቼ ቆሜ፣ ባልዲው በቋጠሮ ልክ እንደገና ሊንጠለጠል ነበር።

«ስንት ልጨምር? አንድ ክንድ?» አለ አብዱልመናን።

«የማን ክንድ?» አሉት ወዬሳ።

እዚያ ላይ ሁላችንም ሳቅን፤ አብዱልመናን ደግሞ ከሁላችን በላይ ሳቀ። ሆራ ግማሽ ሜትር አስጨመረ፤ እንጨቷን ራሱ ይዞ ለካ፤ ገመዱ ተቆረጠ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ወዬሳ ገመዱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው «በል ሆራ፣ እንሂድ» አሉ።

«ኦቦ ወዬሳ፣ ገመዱ ከደረሰ ከብቱ አዋሽ መውረዱ ቀረ። ልጁ ለምን አይቆይም?»

«ለምን ይቆያል? የሚያስፈልገውን ዛሬ በአንድ ጧት ተማረው እኮ! ሁለት ዓመት ያላገኘውን።»

ደክሞኝም ነበር። መልሱን የሰጠው ሆራ ነው።

«አባ፣ ይህን ጉድጓድ ለካነው። ውሃው ግን እስከ ክረምት ይበቃል? ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ቢቀዳስ? ከብቱ በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ ጉድጓዱ በቀን ምን ያህል እንደሚሞላ ማወቅ አለብኝ። ያን ማካፈል ገና አልችልም።»

ወዬሳ ደንገጥ አሉ። «ላሞቼን ልትቆጥር ነው? የሰው ሀብት አይቆጠርም፣ በረከቱ ይሸሻል!»

«ላሞቹን አይደለም፣ አባ። ባልዲውን ነው የምቆጥረው።»

ሽማግሌው ገመዱን ከአንዱ ትከሻቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ወዲያው የባቡሩ ፉጨት ከሞጆ በኩል ተሰማ። ሰው ሁሉ ዕቃውን እያነሣ ተሯሯጠ።

«የኔታ፣» አሉኝ ወዬሳ እጄን ይዘው፣ «ልጄን ልተወው እችላለሁ። ግን ለማን ልተወው? እርስዎም እኮ ጥቅልዎን አስረዋል።»

ጥቅሌ እዚያው ግራሩ ሥር እንደ ተፈታ ተቀምጧል። ድሬዳዋ ጥላ አለ፤ ጆንያው አይጮህም፤ ሰውነቴም ማረፍ ፈልጓል። ሆራን አየሁት። እንጨቷን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፤ እጁን ከኋላው አልደበቀም።

«እኔም አልሄድም» አልሁ።

«እሜቴስ?»

«እሜቴ ከዛሬ ጀምሮ ትለካለች እንጂ አትመታም።»

«ቃልዎ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ወዬሳ ብቻቸውን ተሳፈሩ። ባቡሩ ሲነቃነቅ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ሆራ! ባልዲውን ቁጠር! ላሞቹን ተው!» እያሉ ሲጮሁ ይሰማ ነበር። እኔና ሆራ ጥቅሌን ይዘን ወደ ላይ ወጣን። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አሥራ ዘጠኙን ልጆች ወደ ውጭ አስወጣኋቸውና፣ የጩኸቱን ትምህርት ትተን የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ለካን። መጀመሪያ እንጨቷን የሚነካ ልጅ ጠፋ። ሆራ ይዞ ሲያሳያቸው ግን ተሻሟት።

ከስምንት ቀን በኋላ የባቡር ሠራተኛ አንድ የተጠቀለለ ልጥ አመጣልኝ። ከወዬሳ ነው። መልእክቱ አጭር ነበር፤ «ባልዲው ሞልቶ ወጣ። ይህ የጎረቤቴ ጉድጓድ ልክ ነው፤ ልጆቹ ለክተው ሜትሩን ይንገሩኝ።» ልጆቹ ልጡን ግቢው ውስጥ ዘርግተው ለኩት፤ ተከራከሩበት፣ ደግመው ለኩት፤ ሆራ መልሱን ጻፈ። ከዚያ ወዲያ ከወለንጪቲም፣ ከዚያም ማዶ ካለው አገር ልጥ በባቡር ይመጣልን ጀመር። በማባዣው ላይ የሚያንቀላፉ የነበሩ ልጆች፣ ቁጥር ቢሳሳት ላም እንደሚጠማ ካወቁ በኋላ ራሳቸው ሁለት ጊዜ ይቆጥራሉ። ማባዣውን አልተውነውም፤ አሁንም በቃል እናጠናዋለን፤ ለምን እንደምናጠናው ግን እናውቃለን። አብዱልመናን እንጨቷን የምትመስል አሠርቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ሌሎቹም ነጋዴዎች ተከተሉት። የገበያ ቀን በክንድ ምክንያት የሚነሣው ስድብ ከሞላ ጎደል ቀርቷል፤ ረጅም ክንድ ያለው ዘመድ ፍለጋ የሚዞር ገዥም ቀንሷል። ሆራም አሁን ትንንሾቹን የሚያስተምርልኝ እሱ ነው። ወዬሳ በመጡ ቁጥር «ስንት ባልዲ?» ይሉታል፤ እሱም ይነግራቸዋል፤ የላሞቹን ቁጥር ግን እስከ ዛሬ አንዳችንም አናውቅም።

ድካሜ ለቆኛል ብዬ አልዋሻችሁም። ልጆቹ አርባ ሦስት አልሞሉም፤ ሠላሳ አንድ ናቸው። ነፋሱም ያው ነው፣ ቆርቆሮውም ያው ነው። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ሲንጫጩና ራሴ ሲዞር፣ እጄ ሳላስበው ወደዚያ ወደ በሩ አናት ይሄዳል። ያን ጊዜ የሆራ እጅ ትዝ ይለኛል፤ እጄንም እመልሳለሁ።

እንግዲህ እኔ እያረጀሁ ነው፤ ያረጀ ሰው ደግሞ ይረሳል። ልጃችሁ ማታ ቤት ገብቶ ማባዣውን ሲደግም ስትሰሙ «ዛሬ ምን ለካህበት?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። መልስ ካጣ፣ ወይም እጁን ከኋላው ከደበቀ፣ እሱን አትቆጡት፤ ወደ እኔ ኑና ያን የአርባ ክንድ ገመድ አስታውሱኝ።